ዓሣው ተመለሰ፤ ወንዙስ?

ወዳጆች፣ ዛሬ ራቅ ወዳለ አገር ነው የምወስዳችሁ፤ ወደ አላስካ። ወሬው ስለ አንድ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ነው። ግን ስለዚህ ዓሣ ያነሳ ሰው መሬቱን፣ ባቡሩን፣ ግድቡንና ሕገ መንግሥቱን ሳይነካ አያልፍምና ትንሽ ታገሡኝ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባል የለ? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አንኮሬጅ የአላስካ ትልቋ ከተማ ናት። በ2020ው ቆጠራ 291 ሺህ ገደማ ነዋሪ ነበራት፤ ከግዛቲቱ ሕዝብ ከአሥሩ አራቱ እዚያ ይኖራል ማለት ነው። ከመኻል ከተማው ፎቆች ሥር ቁልቁለቱን በእግር ሲወርዱ ወዲያው ሺፕ ክሪክ የሚባል ወንዝ ይገኛል። ወንዝ ስላችሁ ዓባይን እንዳታስቡ። ባሕሩ ሲጎድል ሰው በቦቲ የሚሻገረው፣ ከቹጋች ተራሮች ወርዶ ኩክ ኢንሌት ከሚባለው የባሕር ክንድ የሚገባ ቀዝቃዛ ወንዝ ነው። ዳርና ዳሩ የባቡር ጣቢያ፣ ሐዲድ፣ መጋዘንና የመኪና ማቆሚያ ነው። ዝቅ ብሎ ወደቡ አለ።

ጁን ሲገባ በዚህ ወንዝ ዳር ሰው ይፈስሳል። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ የላስቲክ ቦቲያቸው በግራጫው ጭቃ ተውጦ፣ መንጠቆ ይወረውራሉ። የአላስካ ሰዎች እንዲህ ተጋፍቶ ማጥመድን በቀልድ «የጦር ሜዳ ማጥመድ» ይሉታል። በዚያ ወር ቀኑ ከ19 ሰዓት በላይ ስለሚረዝም «መሸ፣ እንግባ» የሚል የለም። ሰዓት የሚታየው ለባሕሩ ነው። አንኮሬጅ ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት 10 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ ባሕሩ ሲሞላ ዓሣው አብሮ ይገባል፣ ሰውም ያንን ጠብቆ ይመጣል። የሚጠበቀው እንግዳ ንጉሥ ሳልሞን ነው፤ ከሳልሞን ዘሮች ሁሉ ግዙፉ። በመላው ዓለም በመንጠቆ ተይዞ የተመዘገበው ትልቁ በ1985 የተያዘው እዚያው አላስካ፣ ኬናይ ወንዝ ላይ ነው። ክብደቱ 44 ኪሎ ነበር። የሺፕ ክሪኮቹ እንኳ እዚያ አይደርሱም።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዚህ ወንዝ ላይ በየጁኑ «ስላምን ሳልምን ደርቢ» የሚባል የከተማው ሕዝብ ውድድር ሲካሄድ ኖሯል። አሠራሩ ቀላል ነው። ትኬት ትገዛላችሁ፣ ታጠምዳላችሁ፣ ዓሣችሁን ወደ ሚዛኑ ታመጣላችሁ። ከሁሉ የከበደው ያሸንፋል። ከትኬቱ የሚገኘው ገንዘብ እዚያው መኻል ከተማ ለተራቡና ቤት ለሌላቸው ሰዎች ምግብ ለሚያበስል የበጎ አድራጎት ድርጅት ይውላል። መዝናኛውም ምጽዋቱም በአንድ ወንዝ፣ በአንድ ትኬት።

ምን ይወጣለታል? ምንም አይወጣለትም። እኔም ውድድሩን ላጣጥል አልተነሣሁም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። ነገር ግን ያ በሚዛኑ ላይ የሚወጣው ዓሣ ከየት እንደመጣ የጠየቀ ሰው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ ይጎተትለታል።

በመጀመሪያ ስሙ። «ሺፕ ክሪክ» ማለት የመርከብ ወንዝ ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው መርከቦች አፉ ላይ ስለሚቆሙ ነው። ከተማዋም «አንኮሬጅ» የተባለችው መልህቅ የሚጣልባት ቦታ ስለሆነች ነው። የአገሬው ሰዎች፣ ዴናይናዎች፣ ወንዙን የሚጠሩት ድጌያይትኑ ብለው ነው፤ ትርጉሙ በጀርባዋ ላይ እሾህ ያላት የአንዲት ትንሽ ዓሣ ወንዝ እንደማለት ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ። እንግዳው ወንዙን የሰየመው ከባሕር ሆኖ ባየው ነገር፣ በራሱ መርከብ ነው። ባለቤቱ የሰየመው ውኃው ውስጥ ባለው ነገር ነው። ሼም ፒት የተባሉ የዴናይና አዛውንት እንዲህ ያሉ የቦታ ስሞችን በመቶዎች በቃላቸው ይዘው ለምሁራን ነግረው፣ በ1987 በስማቸው ትልቅ መጽሐፍ ታትሟል። በዚያ ካርታ ላይ ስም የሌለው ጅረት ማግኘት ይከብዳል።

ዴናይናዎች የበጋ ሰፈራቸውን ወንዙ አፍ አካባቢ ይተክሉ ነበር። ንጉሥ ሳልሞን ሲመጣ ለማጥመድ አንድ ብልሃት ነበራቸው፦ በጭቃው ዳርቻ ላይ ከረጃጅም ግንድ የተሠራ ቆጥ ያቆማሉ፤ ባሕሩ ሞልቶ ሲመጣ ሰው ቆጡ ላይ ወጥቶ ረጅም እጀታ ባለው መረብ ዓሣውን ይጨልፋል። ከዚያ ሥራው የሴቶች ነው፤ መበለት፣ መስቀል፣ ማድረቅ፣ በጭስ ማጠን። ያ ዓሣ የክረምት ስንቅ ነው። ውድድር የለበትም፣ ሚዛንም አልነበረውም። በጁን ያልያዝከው ዓሣ በጃንዋሪ ረኃብ ሆኖ ይመጣል።

አሜሪካ አላስካን ከሩስያ የገዛችው በ1867 በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለሺፕ ክሪክ ግን ወሳኙ ዓመት 1915 ነው። ኮንግረስ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መንግሥት ራሱ በአላስካ የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ፈቅዶ ነበር፤ በኤፕሪል 1915 ፕሬዚዳንት ዊልሰን መስመሩን ሲያሳውቁ ሺፕ ክሪክ የሥራው መናኸሪያ እንደሚሆን ተሰማ። ሥራ ፈላጊው ጎረፈ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወንዙ አፍ ላይ ወደ ሁለት ሺህ ሰው የሚይዝ የድንኳን ከተማ በቀለ። ጁላይ 10 ደግሞ ከወንዙ በላይ ያለው ሜዳ በካሬ ተሸንሽኖ በጨረታ ተሸጠ፤ ከ600 በላይ ቦታ። ገዥው በቦታው ላይ አልኮል እንዳይሸጥ፣ ቁማር እንዳያጫውት፣ ሴተኛ አዳሪነት እንዳያስተናግድ በውሉ ውስጥ ተጽፎበታል። በነሐሴ ነዋሪው ስለ ከተማው ስም ድምፅ ሲሰጥ ብዙ ድምፅ ያገኘው «አላስካ ሲቲ» ነበር፤ መንግሥት ግን «አንኮሬጅ» ብሎ አጸናው። ገና ከመጀመሪያው የመረጡትን ያላገኙ ሰዎች ከተማ ናት ማለት ነው።

ስለ ጨረታው ብዙ ተጽፏል፤ ፎቶግራፎቹም አሉ። ከሸንተረሩ ላይ የቆመ ሕዝብ፣ ባርኔጣ በባርኔጣ። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን በዚያ ቀን ለሽያጭ ስላልቀረበው ነው። የወንዙ ሜዳ ለባቡሩ ተከለለ። መጋዘኑ፣ ጥገናው፣ ሐዲዱ እዚያ ሆነ። ዛሬም ድረስ አብዛኛው የወንዙ ዳርቻ የአላስካ ባቡር ድርጅት ይዞታ ነው፤ ድርጅቱ በ1985 ከፌዴራሉ መንግሥት ወደ ግዛቲቱ ተላለፈ እንጂ መሬቱ ከእጁ አልወጣም። ዴናይናዎችን «ዓሣ የምታጠምዱበትን ሽጡልን» ያላቸው ሰው የለም። ሐዲዱ መጣ፣ ድንኳኑ መጣ፣ ሰፈራቸው ተገፋ።

ሦስት ዓመት ሳይቆይ የ1918ቱ ወረርሽኝ ደረሰ። እኛ «የኅዳር በሽታ» ብለን የምናውቀው፣ ኅዳር ሲታጠን እስከ ዛሬ የምናስበው ያው በሽታ ነው። አዲስ አበባን ባጨደበት ወራት አላስካንም አጨደ፤ በአገሬው ሕዝብ ላይ የወደቀው ክንድ ግን ከሁሉ የከፋ ነበር። ከአንኮሬጅ በስተ ሰሜን ባለችው በኤክሉትና የዴናይና መንደር በ1924 የተከፈተው አዳሪ ትምህርት ቤት ወላጆቻቸውን በወረርሽኙ ያጡ ልጆችን ለማሳደግ ነበር የተጀመረው። ስለዚህ በወንዙ ላይ «ይሄ የኛ ነው» የሚል ድምፅ ለምን አልተሰማም ብሎ ለሚጠይቅ፣ አንዱ መልስ ይሄ ነው፤ የሚናገሩት ብዙዎቹ ሞተው ነበር።

እዚህ ላይ ከከተማዋ ወጣ ልበልና ስለ ሌላ ጦርነት ላንሳ። በአላስካ ሳልሞንን በቆርቆሮ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች ሥራ የጀመሩት በ1878 ነው፤ ወደ ኩክ ኢንሌት የደረሱት በ1882። ባለቤቶቹ በአብዛኛው የሲያትልና የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያዎች ነበሩ። መሣሪያቸው ደግሞ ከግንድና ከመረብ የተሠራ፣ በባሕር ላይ የቆመ ግዙፍ ወጥመድ ነው። ወጥመዱ ደመወዝ አይጠይቅም፣ አይተኛም፤ ወደ ወንዙ የሚመለሰውን ዓሣ በገፍ ያፍሳል። ትርፉ በመርከብ ወደ ደቡብ ይሄዳል። የአላስካ ነዋሪ፣ ነጩም የአገሬውም ሰው፣ ከዳር ቆሞ ያያል። በ1953 ዓሣው ከመመናመኑ የተነሣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በአላስካ የዓሣ አጥማጅ ከተሞች የአደጋ ጊዜ አወጁ። በ1959 የተያዘው ሳልሞን ወደ 25 ሚሊዮን ወረደ፤ ከክፍለ ዘመኑ መባቻ ወዲህ እንዲያ ዝቅ ብሎ አያውቅም።

አላስካ ሙሉ ግዛት ለመሆን ስትታገል፣ ወጥመዱ ዋነኛ መፈክር ነበር። በ1956 ሕዝቡ ሕገ መንግሥቱን ሲያጸድቅ ወጥመዱን የሚከለክለውንም ድንጋጌ አብሮ በከፍተኛ ድምፅ አጸደቀ። በሕገ መንግሥቱ ስምንተኛ አንቀጽ ውስጥም በተፈጥሮ ሁኔታቸው ያሉ ዓሣ፣ የዱር እንስሳትና ውኃ የሕዝቡ ሁሉ የጋራ ሀብት መሆናቸው ተጻፈ። ስንት አገር ነው ዓሣን በሕገ መንግሥቱ የጻፈ?

የሳልሞን ውድድሮችም የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። የጁኖው «ጎልደን ኖርዝ» በ1947 ተጀመረ፤ ከጊዜ በኋላ ለወጣቶች የትምህርት ድጎማ የሚሰጥ ሆነ። የሲዋርዱ የብርማ ሳልሞን ውድድር በ1956 ተከተለ። እንደኔ አስተያየት ጊዜው ያለ ነገር አይደለም። ዓሣው የኩባንያ እንደሆነ ለሁለት ትውልድ የተነገረው ሕዝብ፣ አንድ ቅዳሜና እሑድ መንጠቆውን ይዞ ወጥቶ «ይሄ የኔ ነው» የሚልበት በዓል ነበር። ውድድሩ መዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰባና ሰማንያ ዓመት አይዘልቅም ነበር።

ግን «ሕዝቡ ሁሉ» ሲባል ማን ነው? ይሄን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ወደ ሺፕ ክሪክ እንመለስ። በ1940 ጦር ሠራዊቱ ከከተማዋ አጠገብ፣ ወንዙን ይዞ ኤልመንዶርፍና ፎርት ሪቻርድሰን የተባሉትን ሰፈሮች መገንባት ጀመረ። ወታደር ውኃ ይጠጣል፣ መብራት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ወንዙ ተገደበ። ከታች፣ ከመኻል ከተማው አጠገብ ደግሞ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተተከለና ለማቀዝቀዣው ውኃ ሌላ ግድብ ተሠራለት። ግድብ ለሳልሞን ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የዓሣውን ኑሮ ማወቅ ያሻል።

ሳልሞን የሚፈለፈለው ከወንዙ ላይኛ ክፍል፣ ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ውስጥ ነው። ጫጩቱ ጥቂት አድጎ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ እዚያ ለዓመታት ይሰባል፤ ከዚያ ሊወልድና ሊሞት ወደዚያው ወንዝ ይመለሳል። ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ወንዙን እንዴት ለይቶ ያውቀዋል የሚለው ጥያቄ የተፈታው በአፍንጫው ነው። በ1951 አርተር ሃስለርና ዋረን ዊዝቢ የተባሉ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች እያንዳንዱ ወንዝ የራሱ ሽታ እንዳለውና ጫጩቱ ያንን ሽታ ይዞ እንደሚሄድ ሐሳብ አቀረቡ። ሃስለርና ተማሪዎቹ በ1970ዎቹ ደግሞ ጫጩቶችን በአንድ ኬሚካል ሽታ አሳድገው፣ ሲመለሱ ያንኑ ሽታ ወደተጨመረበት ወንዝ እንደሚገቡ በሙከራ አሳዩ። ዓሣው የሚመለሰው በልጅነቱ ወዳሸተተው ውኃ ነው ማለት ነው። እናቱ እዚያ ወልዳው እንደሆነ፣ ወይም በመኪና አምጥተው ለቀውት እንደሆነ፣ አያውቅም።

የአንኮሬጅ ዘዴ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ላይኛው ወንዝ በግድብ ሲዘጋ፣ ዓሣው የሚወልድበት ጠጠር ከእጁ ወጣ። መፍትሔው ግድቡን ማንሣት አልነበረም፤ ዓሣውን ማራባት ሆነ። በሁለቱ የጦር ሰፈሮች ውስጥ የዓሣ ማራቢያ ጣቢያዎች ተቋቋሙ። የጣቢያዎቹ ምሥጢር ሙቀት ነበር፤ ከጦሩ የኃይል ማመንጫዎች የሚወጣው ትርፍ ሙቀት ውኃውን ሲያሞቀው ጫጩቱ ፈጥኖ ያድጋል። አስቡት እንግዲህ፤ ወንዙን ያጣበበው ተቋም በሚተፋው ሙቀት የወንዙ ዓሣ ይራባል። የኃይል ማመንጫዎቹ ሲዘጉ ሙቀቱ አብሮ ጠፋ፣ ማራቢያዎቹም ተንኮታኮቱ። ግዛቲቱ በ2011 በወንዙ ዳር ዊልያም ጃክ ኸርናንዴዝ የተባለውን አዲስ ማራቢያ ከፈተች። ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ፈሶበታል፤ ለግንባታው የተወሰደው ብድር ዓሣ አጥማጆች በየዓመቱ ከሚከፍሉት የፈቃድ ክፍያ ላይ በተጨመረ ገንዘብ ተከፈለ። ሁሉም ነገር በአንድ ግዙፍ ጣሪያ ሥር ነው፤ ውኃው እየተጣራ ደጋግሞ ይዞራል። ጎብኚም ገብቶ በመስተዋት ማየት ይችላል።

ስለዚህ በደርቢው ሚዛን ላይ የሚወጣው ንጉሥ ሳልሞን ገንዳ ውስጥ ተፈልፍሎ፣ በቀለብ አድጎ፣ ወንዙ ውስጥ ተለቅቆ፣ ሽታውን ይዞ ባሕር ሄዶ የመጣ ነው። ባሕሩ እውነተኛ ነው፤ ዓሣው የተጋፈጠው የባሕር አውሬም፣ ማዕበሉም እውነተኛ ነው። ሁለቱ ጫፎች ብቻ በሰው እጅ ናቸው። ከታችኛው ግድብ በላይ ንጉሥ ሳልሞን ማጥመድ አይፈቀድም፤ ሕዝቡ የሚጋፋው ከግድቡ እስከ ባሕር ባለችው አጭር ቁራጭ ላይ ነው።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ጥያቄ አምጡት። «ሕዝቡ ሁሉ» ማን ነው?

በ1971 የአሜሪካ ኮንግረስ የአላስካን የአገሬ ሕዝቦች የመሬት ጥያቄ በአንድ ሕግ ዘጋው። 44 ሚሊዮን ኤክር መሬትና 962.5 ሚሊዮን ዶላር ለአገሬው ሕዝብ ኮርፖሬሽኖች ተሰጠ። ብዙ ሰው የማያነበው ግን አንድ ሐረግ አለ፤ በጥንት ይዞታ ላይ የተመሠረተው የማደንና የማጥመድ መብት በዚያው ሕግ ተሰረዘ። በ1980 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በፌዴራል መሬት ላይ ለዕለት ጉርሱ ለሚያጠምድ የገጠር ነዋሪ ቅድሚያ ሰጠ። ዘርን አልጠቀሰም፤ «ገጠር» አለ። እሺ፣ ግን አንኮሬጅ ገጠር አይደለችም። በ1989 የአላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግዛቲቱን ተመሳሳይ ሕግ ሻረው፤ ምክንያቱ ያው የተከበረው ሕገ መንግሥት ነው፦ ዓሣው የጋራ ስለሆነ የገጠር ሰው ከከተማ ሰው ሊለይ አይችልም። ከዚያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግዛቲቱ አንኮሬጅንና ዙሪያዋን ለጉርስ ማጥመድ የኑሮ መሠረት ያልሆነበት ክልል ብላ ሰየመች።

የሕጉ ውጤት ምን ሆነ? ኩባንያን ለማስቆም የተጻፈው «የጋራ» የሚለው ቃል፣ ዞሮ ዞሮ ለሺህ ዓመት በዚያ ወንዝ የኖረውን ሰው ትናንት በአውሮፕላን ከገባው እኩል አደረገው። ድጌያይትኑ ላይ የዴናይና የልጅ ልጅ የሚያጠምደው እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ፈቃድ ገዝቶ፣ መንጠቆ ይዞ፣ ለስፖርት። ደርቢውም የተወለደው በዚያው አሥርት ዓመት ነው። አንዱ ሌላውን ወለደ አልልም። ጎን ለጎን ሲታዩ ግን አንድ ነገር ያሳያሉ፦ በዚህ ወንዝ ላይ ዓሣ ለመብላት የነበረው መብት ቀርቶ ለመወዳደር ያለው መብት ቀርቷል፤ የተራበው ሰው ድርሻ ደግሞ በትኬቱ ትርፍ በሾርባ መልክ ይመጣለታል።

አንዳንዶቻችሁ «አጋነንክ» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ነው፤ የሌላውንም ወገን ክርክር አሳንሼ ማለፍ አልፈልግም። አላስካ ውስጥ ጥሩ ዓሣ ማጥመድ የሀብታም ነገር ሆኗል። ጀልባ ያስፈልጋል፣ መሪ መቅጠር ያስፈልጋል፣ አንዳንዴ ትንሽ አውሮፕላን መከራየት። ሺፕ ክሪክ ግን በከተማ አውቶቡስ ይደረስበታል። ከወንዙ በላይ ያለው ማውንቴን ቪው የተባለው ሰፈር በአሜሪካ ከሁሉ የተለያየ ዘር ተቀላቅሎ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ የሳሞአ፣ የፊሊፒንስ፣ የሞንግ፣ የሱዳን ልጆች እዚያ ናቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ በዚያው ወንዙ ጋ ብትሄድ 10 ኪሎ የሚመዝን ምግብ ይዛ ወደ ቤቷ ልትገባ ትችላለች። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ማራቢያው ባይኖር ያ ሁሉ ሕዝብ ወይ ምንም አያገኝም፣ ወይ በዱር ዓሣ ላይ ይዘምት ነበር።

ክርክሩ ጠንካራ ነው። በተለይ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ይበልጥ ጠንክሯል፤ ምክንያቱም በዱር የሚኖረው ንጉሥ ሳልሞን በአላስካ ወንዞች ሁሉ ክፉኛ እየተመናመነ ነው። የባሕሩ መሞቅ አንዱ ምክንያት ነው፤ በሽታና የንግድ መርከቦች መረብም ይወነጀላሉ። በዩኮን ወንዝ ዳር ያሉ የአገሬው መንደሮች ለትውልድ ሲያጨሱት የኖሩትን ዓሣ ማጥመጃ ቆጥና መንኮራኩር አውርደው ተቀምጠዋል። በኤፕሪል 2024 አላስካና ካናዳ በዩኮን ላይ ንጉሥ ሳልሞንን ማጥመድ ለሰባት ዓመት እንዲቆም ተስማሙ፤ ሰባት ዓመት የዓሣው አንድ ሙሉ ዕድሜ ስለሆነ ነው። ያ የዓለም ክብረ ወሰን የተያዘበት ኬናይም ለንጉሥ ሳልሞን ተዘግቶ ከርሟል።

እንግዲህ ይሄን ተመልከቱ። ከከተማ ራቅ ባለው ዩኮን ላይ አንዲት አያት ለልጅ ልጇ አንድ ንጉሥ ሳልሞን መያዝ አትችልም። በሐዲድና በመጋዘን መካከል፣ በግድብ ሥር በሚፈሰው ሺፕ ክሪክ ግን የከተማው ሰው መንጠቆውን ይወረውራል። ባለሙያ ምክንያቱን በአንድ ቃል ይነግራችኋል፦ ያኛው የዱር ነው፣ ይሄኛው የጣቢያ። ሳይንሱ ትክክል ነው። ለዩኮኗ አያት ግን ቢያስረዷት የሚዋጥላት አይመስለኝም።

እኔን የሚያሳስበኝ የዚህ ነገር ምቾት ነው። ዓሣው በየዓመቱ በሰዓቱ ከመጣ፣ ደርቢውም ከደመቀ፣ ስለ ወንዙ የሚጠይቅ ይጠፋል። ከግድቡ በላይ ያለው ጠጠር ባዶ ሆኖ እንደቀረ ለማወቅ ምክንያት የለህም፤ ከግድቡ በታች ትከሻህን የሚገፋህ ሕዝብና የሚዘል ዓሣ አለልሃ። ማራቢያው ዓሣውን ተካ፤ ሳይታሰብም የጥያቄውን ቦታ ያዘ።

ከተማዋ ስሞቹን መመለስ ጀምራለች። በ2008 የተከፈተው ትልቁ የስብሰባ አዳራሽ የዴናይና ስም ይዟል። በወንዙ አፍ፣ ትንንሽ ጀልባዎች በሚወርዱበት አካባቢ፣ የዴናይና አያት ሐውልት ቆማለች፤ የበጋ ሰፈሩን እንድታስታውስ። ሐውልት ጥሩ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መኪናቸውን አቁመው በአጠገቧ ያልፋሉ።

ግን ሌላም መንገድ አለ፤ ሩቅም አይደለም። ከአንኮሬጅ ወደ 40 ኪሎ ሜትር በስተ ሰሜን ኤክሉትና ወንዝ አለ፤ ያች ወላጅ አልባዎቹ የተማሩባት መንደር ያለችበት። በ1929 ለከተማዋ መብራት ተብሎ የታችኛው ሸለቆው ተገደበ። ያ ግድብ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ጥቅም መስጠት አቁሞ፣ ደለል ሞልቶት፣ የዓሣውን መንገድ ዘግቶ ቆመ። በ2018 የመንደሯ ሰዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ሆነው አስፈረሱት። እዚያ የተጠየቀው ማራቢያ ጣቢያ አልነበረም። የተጠየቀው ውኃው ራሱ ነው።

ውኃው ግን ገና አልመጣም፤ ምክንያቱም ከላይ፣ ሐይቁ አፍ ላይ ሌላ ግድብ አለ። በ1955 ገደማ ሥራ የጀመረው ያ ፕሮጀክት የሐይቁን ውኃ በተራራ ሥር በዋሻ ወስዶ ተርባይን ያዞርበታል፤ የአንኮሬጅም የመጠጥ ውኃ አብዛኛው የሚቀዳው ከዚያው ሐይቅ ነው። መንደሯ «ወንዛችን እስከ ባሕር ይፍሰስ» ትላለች፤ የመብራት ድርጅቶቹ ስለ ወጪና ስለ ኪሎዋት ያወራሉ። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም። ዋሻውን አልፎ ተርባይኑን ያዞረው ውኃ በሚወጣበት ቦይ ላይ ደግሞ፣ ይሄን ስሰማ ሳቄም መጣ፣ ግዛቲቱ ከሺፕ ክሪኩ ማራቢያ የመጡ የሳልሞን ጫጩቶችን ትለቃለች። በጁን እዚያም ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ያጠምዳል።